ጸጋና ውለታ

ጸጋ የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው። ጸገወ ማለት ሰጠ፥ በቸርነት አደለ ማለት ነው፤ ጸጋም ከዚህ ግሥ ተወልዶ ያለ ዋጋ የተሰጠ ስጦታ ተባለ። አማርኛ ቃሉን ከግእዝ ተቀብሎ ከመቅደስ ወደ ገበያና ወደ ቤት ስላወጣው፥ ከብቱ የረባለትን፥ እህሉ የሞላለትን ሰው ባለጸጋ ይለዋል። በዚህ አጠራር ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ትምህርት አለ። ሀብታም ሰው ጎተራውን የሞላው በክንዱ ብርታት ብቻ እንዳይመስለው፥ ያለው ሁሉ ስጦታ መሆኑን የሚጠራበት ስም ራሱ ያስታውሰዋል።

ከጸጋ አጠገብ ውለታ የሚባል ሌላ ቃል አለ። ውለታም አንዱ ለሌላው የሚውለው መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ውለታ ብድር ይከተለዋል። የተዋለለት ሰው እስኪመልስ ድረስ ባለዕዳ ነው፤ ባይመልስም ውለታ ቢስ ይባላል። ብድር በምድር የሚለው ምሳሌ የተነገረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ጸጋና ውለታ ጎረቤታሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ ውለታ እየተቈጠረ ይኖራል፥ ጸጋ ግን ቍጥር አያውቅም።

ሃይማኖት ያለው ሰው ጸጋ ከማን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ስሙንም ጠርቶ ያመሰግናል። ሰጪው በሰማይ አለ ብሎ ለማመን ያልቻለ ሰውስ በዚህ ቃል ምን ያደርግበታል? አንዳንዶች ቃሉ ለእንዲህ ያለው ሰው ባዶ ዕቃ ነው ይላሉ። ሌሎችም ለእርሱ ጸጋ ማለት መልካም ዕድል ማለት ነው ብለው ነገሩን ያቃልሉታል። ሁለቱም መልስ የማይበቃ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፓ ተፈጽሟል። ከዚህ በታች የሚነገረው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ወደዚያ ታሪክ ከመድረስ በፊት ቃሉ በአውሮፓ የሄደበትን መንገድ ማየት ይገባል። ግሪኮች ካሪስ ይሉት የነበረው ቃል ውበትን፥ ሞገስን፥ ስጦታንና ምስጋናን በአንድነት የያዘ ነበር። ሮማውያን ግራጽያ አሉት፤ ዛሬም በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ያለ ገንዘብ የሚሰጠውን ነገር ግራቲስ የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ነው። ግሪኮችና ሮማውያን ይህን ነገር እጅ ለእጅ ተያይዘው በሚያሸበሽቡ በሦስት እኅትማማቾች መልክ ይሥሉት ነበር። ንጉሡ ኔሮን በ65 ዓ.ም. ራሱን እንዲገድል ያስገደደው የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ በጎ አድራጎት ሰባት መጻሕፍት ጽፏል፤ በዚያም የሥዕሉን ትርጓሜ ሲያወሳ፥ አንዲቱ የምትሰጥ፥ አንዲቱ የምትቀበል፥ አንዲቱ የምትመልስ እንደሆነች ይነገር እንደነበረ ያመለክታል። በጎ ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወደ ሰጪው ይመለሳል፤ ክቡ በአንድ ቦታ ቢቈረጥ ውበቱ ሁሉ ይጠፋል። ደግሞም የሰጠ ፈጥኖ ይርሳ፥ የተቀበለ ግን ከቶ አይርሳ የሚል አሳብ አስተምሯል።

ይህ የሴኔካ ትምህርት ያማረ ነው፤ ነገር ግን ገና ከውለታ አጥር አልወጣም። ስጦታው በማስተዋል ተመርጦ ለሚገባው ሰው እንዲሰጥ ይመክራል፤ ክቡም በምስጋና እንዲዘጋ ይጠብቃል። በዚያው ዘመን ቅዱስ ጳውሎስ ያንኑ የግሪክ ቃል ይዞ ሲጽፍ ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ጸጋ ለማይገባው ሰው የተሰጠ ስጦታ ሆነ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በሰሜን አፍሪቃ ኤጲስ ቆጶሱ አውግስጢኖስ ከመነኵሴው ከጴላግዮስ ትምህርት ጋር ክርክር ያዘ። ጥያቄውም ሰው በራሱ ኀይል በጎ ሊሆን ይችላልን የሚል ነበር። በ418 ዓ.ም. በቀርታግና የተሰበሰበው ጉባኤ የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም ጸጋ ሲባል የማይገዛ፥ በሥራ የማይገኝ፥ ተቀባዩም ይገባኛል የማይለው ስጦታ ማለት መሆኑ ተተከለ። ከዚህም ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮ ተተከለ። ስጦታው ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው ያልተሰጠው ስለ ምንድር ነው? አውግስጢኖስ በ430 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ከዚህ ጥያቄ ጋር ታገለ። ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ፥ በእግዚአብሔር ለማያምን አንድ ሰው ራቁቱን ቆሞ ሞቱን በሚጠብቅበት ስፍራ ቀረበለት።

ይህ ሰው ፕሪሞ ሌዊ ይባላል። በ1919 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ቤተ ሰቡ የአባቶቹን ሥርዐት አጥብቆ የሚይዝ አልነበረም፤ እርሱም የኬሚያን ትምህርት መርጦ በ1941 ዓ.ም. ከቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። በዚያን ጊዜ የፋሺስት መንግሥት የዘር ሕግ አውጥቶ ስለ ነበረ፥ በምስክር ወረቀቱ ላይ የአይሁድ ዘር የሚል ቃል ተጽፎበታል። በ1943 ዓ.ም. ጀርመኖች ሰሜን ኢጣልያን ሲይዙ ሌዊ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወደ ተራራ ወጥቶ ሸፈተ፤ የጦር ልምድ አልነበራቸውምና በታኅሣሥ 13 ቀን ተያዙ። በየካቲት 1944 ዓ.ም. በዕቃ ማመላለሻ ፉርጎ ታጭቀው ወደ አውሽቪጽ ከተላኩት 650 ሰዎች አንዱ ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሥራ ሰፈር የገቡት 96 ወንዶችና 29 ሴቶች ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ፥ ሽማግሌዎችና ሕፃናት እናቶችም፥ ሁለት ቀን ሳይሞላ በመርዝ ጢስ ተገደሉ።

ሌዊ የተመደበው ሞኖቪጽ በሚባለው ሰፈር ነበር። በዚያ ስፍራ አንድ ታላቅ የጀርመን የኬሚያ ማኅበር ሰው ሠራሽ ጎማ የሚያወጣ ፋብሪካ ያሠራ ነበር፤ በእስረኞች ላብና ሞት የተሠራው ይህ ፋብሪካ ግን ከዚያ ጎማ አንድ ኪሎ እንኳ ሳያወጣ ጦርነቱ አለቀ። የእስረኛው ስም ተፍቆ በክንዱ ላይ ቍጥር ይነቀስ ነበር፤ የሌዊ ቍጥር 174517 ሆነ።

የሰፈሩን ሕግ ያላወቀ ሰው ከዚህ በኋላ የሚነገረውን ነገር ክብደት አያገኘውም። በዚያ ሁሉ ነገር ዋጋ ነበረው፤ ገንዘቡም እንጀራ ነበረ። አዲስ የገባ እስረኛ ማንኪያ አይሰጠውም፤ ሾርባውን እንደ ውሻ ላለመላስ ከዕለት እንጀራው ቈርሶ ማንኪያ ይገዛ ነበር። ክር፥ አዝራር፥ አሮጌ ሸሚዝ፥ ከአፍ የወጣ የወርቅ ጥርስ ሁሉ በእንጀራ ይለወጥ ነበር። ወዳጅ ወዳጁን ይሰርቃል፤ የተኛ ሰው ጫማውን ከራሱ በታች ካላደረገ ሲነቃ አያገኘውም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ውለታ እንኳ የለም፤ ነገ ስለማይታወቅ ማንም ለነገ አያበድርምና። ጸጋማ ስሙም ሊጠራ የሚችል አይመስልም ነበር።

ሎሬንጾ ፔሮኔ ወደዚህ ስፍራ መጣ። እርሱ እስረኛ አልነበረም፤ በ1904 ዓ.ም. በፎሳኖ የተወለደ ድኻ ግንበኛ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ተራራውን በእግሩ እየተሻገረ በፈረንሳይ አገር በቀን ሥራ ይተዳደር ነበር፤ በኋላም ከተቀጠረበት የኢጣልያ ማኅበር ጋር ወደ አውሽቪጽ ተላከ። ብዙ የማይናገር፥ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ጀርመኖችን አይወድም ነበር፤ ነገር ግን ለእነርሱ የሚሠራውን ግንብ እንኳ ቀጥ አድርጎና አጽንቶ ይሠራው ነበር፥ ጠማማ ግንብ መሥራት የእጁን ክብር ይነካበት ነበርና።

በ1944 ዓ.ም. በበጋው ወራት ሌዊ ለግንበኞች ምልስ እንዲያቀብል ታዘዘ። ከላይ ያሉት ሁለት ግንበኞች ሲነጋገሩ የሰማው የተወለደበትን የፒየሞንቴን አነጋገር ነበር። ባልዲውን ለማንሣት ጕልበት ስላጣ ምልሱ ፈሰሰበት። ሎሬንጾ በዚያን ቀን የምሕረት ቃል አልተናገረም፤ እንዲያውም እንዲህ ካለ ሰው ምን ይጠበቃል የሚል ነገር ተናገረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በወታደር የምግብ ቆርቆሮ ሾርባ ይዞ መጣና ሰጠው፤ ባዶውንም ሳይመሽ እንዲመልስለት ነገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ያህል፥ እስከ ዓመቱ መጨረሻ፥ በየቀኑ ይህን አደረገ። ሾርባውን የሚያገኘው ሌሎቹ ሲተኙ ከሌሊቱ ተነሥቶ፥ ከኢጣልያውያን ሠራተኞች ማድቤት የተረፈውን በመሰብሰብ ነበር። ሌዊም ከወዳጁ ከአልቤርቶ ጋር እኩል ይካፈለው ነበር። የሰፈሩ ምግብ ብቻውን ሰውን በጥቂት ወር ውስጥ የሚገድል ነበርና፥ በዚያ ሾርባ ሁለቱ ሰዎች ቆሙ።

ሎሬንጾ ከዚህም በላይ አደረገ። የተጣጣፈ ልብስ ሰጠው። በስሙም ወደ ኢጣልያ ፖስት ካርድ ጽፎለት መልሱን አመጣለት፤ ተደብቀው ይኖሩ የነበሩት እናቱና እኅቱ በወዳጆች እጅ የሰደዱት ጥቂት ምግብ ያለበት ጥቅል ሳይቀር በእርሱ በኩል ደረሰው። ከእስረኛ ጋር ሲነጋገር የተገኘ ሠራተኛ ራሱ ወደ እስረኞች ሰፈር ይገባ ነበርና፥ ይህ ሁሉ ነጻነቱን፥ ምናልባትም ነፍሱን የሚያስከፍለው ነበር። ለዚህ ሁሉ የጠየቀው ዋጋ አልነበረም።

ሌዊ ግን በዕዳ መኖር ከበደው፤ ቤተ ሰቦቹ አንድ ነገር እንዲልኩለት የሎሬንጾን የአገሩን አድራሻ ጠየቀ። ሎሬንጾ እንቢ አለ። ነገር ግን ወዳጁን በእንቢታ እንዳያሳፍረው አንድ ነገር ተቀበለ። የሎሬንጾ የቆዳ ጫማ ተቀዶ ነበር፤ በሠራተኞቹ ሰፈር ጫማ ሰፊ አልነበረም፥ በእስረኞቹ ሰፈር ግን የቆዳ ጫማ ያለው ሰው ያለ ዋጋ ያሰፋ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ጫማ ተለዋወጡ፤ ሎሬንጾ በእስረኛው የእንጨት ጫማ አራት ቀን ሲሠራ ሰነበተ፥ ሌዊም ጫማውን አሰፍቶ መለሰለት። በዚያ ስፍራ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሰጪው ለመቀበል እሺ በማለቱ ተቀባዩን ከለማኝነት አውጥቶ ሰው አደረገው። መስጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌዊ የሚመጸወት አካል ሆኖ በቀረ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ቀን ሎሬንጾ የተጨራመተ ቆርቆሮ አምጥቶ፥ ሾርባው ጥቂት ቈሽሿል ብሎ እንደ ማፈር ሆኖ ሰጠው። በሾርባው ውስጥ አፈርና ጠጠር ነበረበት። ምክንያቱን በዚያን ቀን አልተናገረም። ሌዊ ነገሩን የሰማው ከዓመት በኋላ ሁለቱም ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ነው። በዚያ ጧት አውሮፕላኖች ሰፈሩን ደብድበው ቦምብ በሎሬንጾ አጠገብ ወድቆ ነበር፤ ቆርቆሮውን በአፈር ቀበረው፥ የአንድ ጆሮውንም ታምቡር ቀደደው። እርሱ ግን የሚያደርሰው ሾርባ ነበረውና ቆርቆሮውን ከአፈር አውጥቶ ወደ ሥራው መጣ። የሰጠ ይርሳ ያለው ሴኔካ እንኳ እንዲህ ያለውን ዝምታ አላሰበውም። ሎሬንጾ መከራውን ቢናገር ኖሮ ሾርባው በዚያኑ ሰዓት ውለታ በሆነ ነበር፤ ዝም በማለቱ ጸጋ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ሌዊ ጸጋን በዚህ መልክ ሲቀበል፥ በሌላ መልክ የመጣለትን ግን አልተቀበለውም። ይህም ለካህናትም ለምእመናንም ሊታሰብ የሚገባው ነው።

በጥቅምት 1944 ዓ.ም. በሰፈሩ ምርጫ ተደረገ። እስረኞቹ ልብሳቸውን አውልቀው፥ ቍጥራቸው የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው፥ በአንድ ሹም ፊት በሩጫ ያልፉ ነበር፤ ሹሙም በቅጽበት አይቶ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያደርግ ነበር፤ አንዱ ወገን ለሥራ፥ አንዱ ወገን ለመርዝ ጢስ ቤት። ሌዊ ተራውን ሲጠብቅ ጸሎት ለማድረግ ልቡ ተነሣሣ። ወዲያውም ተወው። ከዓመታት በኋላ እንደ ገለጸው፥ በሰላም ቀን ሳያምን የኖረ ሰው በጭንቅ ሰዓት ለራሱ ብቻ ብሎ ቢጸልይ፥ በጨዋታ ፍጻሜ ሲሸነፍ ደንቡን እንደሚለውጥ ሰው መስሎ ታየው። ጸሎቱ ያለ እምነት ስለሚሆን የሚያምኑትንም ማዋረድ መሰለው።

በዚያው ማታ፥ ምርጫው ካለፈ በኋላ፥ አንድ ሽማግሌ በአልጋው ላይ ተቀምጦ ስላልተመረጠ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፈጣሪውን ያመሰግን ነበር። በአጠገቡ ባለው አልጋ ላይ በማግስቱ እንደሚሞት የሚያውቅ የሃያ ዓመት ጕልማሳ ተጋድሞ ጣራውን ይመለከት ነበር። ሌዊ ይህን አይቶ ያ ምስጋና በፈጣሪ ዘንድ ተቀባይነት ሊኖረው የማይገባ መሆኑን በብርቱ ቃል ጽፏል። ለብዙ አንባቢ ይህ ድፍረት ይመስላል። ነገር ግን ነገሩ ቢመረመር የተነቀፈው ምስጋና ሳይሆን፥ የባልንጀራን ሞት የራስ ጸጋ አድርጎ መቍጠር ነው። እንዲህ ያለውን ምስጋና በሃይማኖት የጸኑ ሰዎችም ይነቅፉታል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. ሃይማኖተኛ የሆነ አንድ ወዳጁ መጥቶ፥ ከሞት የተረፍኸው በአጋጣሚ አይደለም፥ ታይቶልህ ተመርጠህ ነው፥ ምስክር እንድትሆን ተጠብቀህ ነው የሚል አሳብ ነገረው። ወዳጁ ሊያጽናናው ነበር የመጣው፤ ሌዊ ግን ይህን አሳብ እንደ አስፈሪ ነገር አየው። እርሱ ተመርጦ ከሆነ የሞቱት አልተመረጡም ማለት ነው። ከእርሱ ይልቅ የተሻሉ፥ ከእርሱ ይልቅ የሚጸልዩ፥ ከእርሱ ይልቅ ጠቃሚ የሆኑ ሰዎች ሞተዋል። በ1986 ዓ.ም. ባወጣው በመጨረሻው መጽሐፉ፥ ምናልባት በሌላ ሰው ቦታ እኖር ይሆናል የሚል እፍረት አርባ ዓመት ሙሉ እንዳልተወው ገልጿል።

የአልቤርቶ ነገር ደግሞ ይህን አሳብ ያጸናል። በጥር 1945 ዓ.ም. ሌዊና አልቤርቶ ከሌላ በሽተኛ የተረፈ ምግብ በረሀብ ምክንያት ተካፍለው በሉ። በሽተኛው ስካርላቲና የሚባል የሚተላለፍ የትኵሳት በሽታ ነበረበት። አልቤርቶ በሕፃንነቱ ያ በሽታ ይዞት ስለ ነበረ አልያዘውም፤ ሌዊ ግን ታሞ በበሽተኞች ቤት ተኛ። በዚያው ሳምንት ጀርመኖች የመስኮብ ጦር ሲቀርባቸው ጤነኞቹን እስረኞች በበረዶ ላይ እየነዱ ወሰዷቸው፤ በሽተኞቹን ትተዋቸው ሄዱ። አልቤርቶ ከሄዱት ጋር ሄደ፥ አልተመለሰም። ሌዊን ግን በጥር 27 ቀን የደረሰው ጦር በሕይወት አገኘው። አንድ ሳህን ተካፍለው በበሉ በሁለት ወዳጆች መካከል፥ ጤናው አንዱን ገደለ፥ ሕመሙ ሁለተኛውን አዳነ።

ይህን ጸጋ ብሎ ለመጥራት ሌዊ ፈቃደኛ አልነበረም፤ ይህ ዕድል ነው። ዕድል ፊት የለውም፤ ቢያድንም አይወድም፥ ቢገድልም አይጠላም። የሎሬንጾ ሾርባ ግን ፊት ነበረው። የሚያደርሰው ሰው ሌሊት ተነሥቶ፥ ፈርቶም ይሁን ሳይፈራ፥ በራሱ ፈቃድ ወስኖ አምጥቶታል፤ አለማምጣትም ይችል ነበር። እንግዲህ ሃይማኖት የሌለው ሰው ጸጋን ከዕድል የሚለይበት ምልክት ይህ ነው። በጎ ዕድል ያገኘ ሰው ይደሰታል፤ ጸጋ ያገኘ ሰው ግን ያመሰግናል፥ ለማመስገን ደግሞ የሚያመሰግኑት ሰው ያስፈልጋል።

ሌዊ ስለ ሎሬንጾ ሲመሰክር ሕይወቱን ያተረፈው ሾርባው ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። ሎሬንጾ እዚያ በመኖሩና እንዲያ አድርጎ በመስጠቱ፥ ከሽቦው አጥር ውጭ ገና ያልረከሰ ዓለም መኖሩን አስታወሰው፤ ሰው መሆኑንም እንዳይረሳ አደረገው። በሰፈሩ የነበሩት ሁሉ፥ ገዳዮቹም ተገዳዮቹም፥ በየራሳቸው መንገድ ሰውነታቸውን ሲያጡ አንድ ግንበኛ ሰው ሆኖ ቀረ። ሥጋን ሾርባው፥ ነፍስን ግን አሰጣጡ መገበ።

የሎሬንጾ ፍጻሜ ለሚያጽናና ንግግር የሚመች አይደለም፤ ነገር ግን እውነት ነውና ሊነገር ይገባል። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ሎሬንጾ ከአውሽቪጽ እስከ ኢጣልያ በእግሩ ተጓዘ፤ መንገዱም አራት ወር ያህል ፈጀ። ወደ ቤቱ ሳይገባ በቶሪኖ የሌዊን እናት ፈልጎ ያየውን ነገራት፤ ልጇም በሕይወት ይመለሳል ብላ ተስፋ እንዳታደርግ በግልጽ ተናገረ። ለባቡር ገንዘብ ብትሰጠው አልቀበልም ብሎ ሄደ። ሌዊ በጥቅምት 1945 ዓ.ም. ተመልሶ ወደ ፎሳኖ ሲጠይቀው ያገኘው የደከመ ሰው ነበር። ዓለምን አይቶ ጠልቷታል፤ ለመኖር የነበረው ፈቃድ ጠፍቷል። ግንበኛነቱን ትቶ ቍርጥራጭ ብረት እየገዛ ይሸጥ ነበር፤ ያገኘውንም በመጠጥ ይጨርሰው ነበር። የሳንባ በሽታ ሲይዘው ሌዊ ከቶሪኖ እየተመላለሰ ሐኪም ቤት አስገባው፤ እርሱ ግን መጠጥ ስለ ከለከሉት ወጥቶ ሄደ። በ1952 ዓ.ም. ሞተ። ሌዊ ሎሬንጾ በሰፈሩ የረዳው እርሱን ብቻ እንዳልነበረ፥ ለሌሎችም እንዲሁ ያደርግ እንደ ነበረ የሰማው በኋላ ነው። ሎሬንጾ ይህን አልተናገረም ነበር፤ ሰው ወደ ዓለም የመጣው በጎ ሊሠራ እንጂ ስለ ሠራው ሊመካ አይደለም የሚል አሳብ ነበረውና። ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለውን የወንጌል ትእዛዝ ከብዙ ሰባኪ ይልቅ ይህ ግንበኛ ፈጸመው።

እዚህ ላይ የሴኔካ ክብ ተቈረጠ። ሌዊ የተቀበለውን ለመመለስ ሞከረ፥ አልተቻለውም። ሕይወት የሰጠውን ሰው ሕይወት ሊሰጠው አልቻለም። ነገሩ ውለታ ቢሆን ኖሮ ሌዊ እስከ ዘላለም ባለዕዳ በሆነ ነበር። ጸጋ ግን ወደ መጣበት ካልተመለሰ ወደ ፊት ይሄዳል። ሌዊ ለሴት ልጁም ለወንድ ልጁም ከሎሬንጾ ስም የተቀዳ ስም አወጣ። በ1947 ዓ.ም. ባሳተመው፥ ይህ ሰው ከሆነ በሚለው መጽሐፉ ሎሬንጾን ለዓለም አስታወቀው። መጽሐፉ በመጀመሪያ በአንድ ታላቅ ማተሚያ ቤት ተንቆ፥ በትንሽ ማተሚያ ቤት 2500 ቅጂ ብቻ ታትሞ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. ግን ቀድሞ የናቀው ያው ቤት ራሱ ደግሞ አሳተመው፥ ከዚያም በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ። ሌዊ በ1987 ዓ.ም. ሲሞት የሎሬንጾ ስም ፎሳኖን በማያውቁ አገሮች ሁሉ ይነበብ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም የተባለው የመታሰቢያ ተቋም ከአሕዛብ ጻድቃን መካከል አድርጎ መዘገበው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሃይማኖት ለሌለው ሰው ጸጋ ሦስት ነገር አለመሆኑን ያሳያል። ዕድል አይደለም፥ ዕድል ሰጪ የለውምና። ምርጫ አይደለም፥ እኔ ተመረጥሁ የሚል ሰው ሌላውን ያልተመረጠ ያደርገዋልና። ውለታም አይደለም፥ ሊከፈል የሚችል ዕዳ ጸጋ አይባልምና። ታዲያ ምንድር ነው ቢባል፥ ሰው በፈቃዱ፥ ሳይገደድና ሳይጠየቅ፥ ምንም ሊመልስለት ለማይችል ሰው የሚሰጠው፥ የተቀበለውንም ሰው ከዋጋ ሕግ አውጥቶ ሰውነቱን የሚመልስለት ስጦታ ነው። ተቀባዩ ለዚህ የሚያቀርበው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱም እውነተኛ ምስክርነት ነው።

የሚያምን ሰው በዚህ ላይ የሚጨምረው አለ። ከግንበኛው እጅ በስተኋላ ሌላ እጅ ያያል፤ ሾርባውን ያመጣው ሎሬንጾ ቢሆንም ሎሬንጾን ያመጣው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ይህን መጠየቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ለሌዊ መልስ አድርጎ ሊሰጠው አይገባም፤ ያ ወዳጁ በ1946 ዓ.ም. ያደረገው ይህን ነበርና ቍስል ላይ ቍስል ጨመረ። ለምን እኔ ተረፍሁ፥ ለምን አልቤርቶ ሞተ ለሚለው ጥያቄ አውግስጢኖስም ፍርዱ የማይመረመር ነው ከማለት በቀር መልስ አላገኘም። በዚህ ስፍራ የሚያምነውና የማያምነው እኩል ዝም ይላሉ፤ በዝምታቸውም ከብዙ ክርክር ይልቅ ይቀራረባሉ።

የማያምነውም ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። ጸጋ የሚለውን ቃል የሃይማኖት ነው ብሎ ቢጥለው የሎሬንጾን ሥራ የሚጠራበት ቃል ያጣል። ቸርነት ቢለው ያንሳል፤ ቸር ሰው ከሚተርፈው ይሰጣል፥ ሎሬንጾ ግን የሚተርፈው አልነበረም። ውለታ ቢለውም ያረክሰዋል። አማርኛ ግን ጐተራው ለሞላለት ሰው ያወጣው ስም አለው፤ ያ ስም ከሁሉ ይልቅ የሚገባው፥ በሌሊት የሰው ትራፊ እየሰበሰበ ለሚሞቱ ሰዎች ላደረሰው፥ በኪሱም ምንም ላልነበረው ለፎሳኖው ግንበኛ ነው። ባለጸጋ ነበር።